ስፓኒሽን በማይነር መማር፦ ከባሕር ዳር ሲታይ ምን ያስገኛል?

የመውጫ ፈተናና የሥራ ፍለጋ ጭንቀት የያዘው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ከዋናው ትምህርትህ ጎን አንድ ቋንቋ ያዝ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል። ቻይንኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይጠቀሳሉ፤ ስፓኒሽም ስሙ ይነሳል። ባሕር ዳር ላይ ጥያቄው የራሱ ቀለም አለው። ከተማዋ የዩኒቨርሲቲም የቱሪዝምም ከተማ ናት፤ በጣና ማዶ ያለችው ጎርጎራ ደግሞ አንድ ስፔናዊ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ኖሮ የሞተባት ቦታ ናት።

በዚህ ወሬ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ የጥቂት ወራት ሥልጠና፣ የቋንቋ ዲግሪ እና ማይነር። ሦስቱ የሚሰጡት ችሎታ የሰማይና የምድር ያህል ስለሚራራቅ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሰሚ አጥቶ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የአንድን ተቋም ፕሮግራም አይገመግምም። ስፓኒሽ ቋንቋና ባህል ጣና ዳር በማይነር ቢሰጥ ለማን ምን እንደሚጠቅም፣ ምንስ ቃል ሊገባለት እንደማይገባ ያብራራል።

ማይነር ምንድን ነው?

ማይነር ተማሪው ዲግሪ ከሚይዝበት ዋና ትምህርት (ሜጀር) ጎን ከሌላ የትምህርት ክፍል የሚወስዳቸው ተያያዥ ኮርሶች ናቸው። ዲግሪው የሚሰጠው በሜጀሩ ነው። ማይነሩ በትራንስክሪፕት ላይ ይመዘገባል እንጂ ራሱን የቻለ ዲግሪ አይሆንም።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቀደም ባሉት ዓመታት «በታሪክ ሜጀር፣ በጂኦግራፊ ማይነር» ተመረቀ ማለት የተለመደ ነበር፤ በተለይ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ሰዎች ሁለት ትምህርት ማስተማር እንዲችሉ ይጠቅም ነበር። ዲግሪው ወደ ሦስት ዓመት ሲያጥርና ኮርሶች በሞጁል ሲደራጁ ለማይነር የሚተርፈው ቦታ ጠበበ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ብዙዎቹ ዲግሪዎች አራት ዓመት ሲሆኑ ነው ጉዳዩ እንደገና ሊታሰብ የሚችል የሆነው።

ሰዓቱን እንቁጠረው

ስለ ቋንቋ ማይነር የሚነገረው ተስፋም ሆነ ጥርጣሬ መመዘን ያለበት በክፍል ሰዓት ነው። ስድስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ ሦስት ክሬዲት የሆነ ማይነር እናስብ። በ16 ሳምንት ሴሚስተር አንድ ኮርስ 48 የክፍል ሰዓት ይሆናል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 288 ሰዓት።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ስፓኒሽን በሥራ ሊጠቀምበት በሚያስችል ደረጃ ለማወቅ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ለረጅም ጊዜ ሲገምት ቆይቷል። ያውም ሠልጣኞቹ በጣም ጥቂት በሆኑበት ክፍል፣ ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው፣ ቀኑን ሙሉ የሚማሩ ናቸው። የእኛ ተማሪ አርባና ሃምሳ ሆኖ ተቀምጦ፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ በመካከሉ ረጅም ዕረፍት እያለፈ የሚያገኘው 288 ሰዓት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የቋንቋ ችሎታ ዛሬ በአብዛኛው የሚለካው በአውሮፓ ምክር ቤት መለኪያ ነው። መለኪያው ስድስት ደረጃ አለው፤ ከጀማሪው ኤ1 ተነሥቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እና ሲ1 እያለ እስከ ሲ2 ይወጣል። ኤ2 ላይ ያለ ሰው ስለ ዕለታዊ ነገር በአጭሩ ይግባባል። ቢ1 የደረሰ በጉዞና በሥራ ቦታ የሚገጥመውን የተለመደ ጉዳይ ይወጣል፤ በሚያውቀው ርዕስ የተጻፈን ጽሑፍም ይረዳል። ቢ2 ላይ ነው ሰው ሳይጨነቅ መከራከርና መሥራት የሚጀምረው። በ288 ሰዓት ኤ2ን ጨብጦ፣ ትጉህ ከሆነ ቢ1 ደጃፍ ላይ መድረስ ምክንያታዊ ተስፋ ነው። አስተርጓሚ መሆን ግን ከዚህ በጣም ይርቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ማይነሩ «ቋንቋና ባህል» ከተባለና ከስድስቱ ኮርሶች ሁለቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የባህል ኮርሶች ከሆኑ፣ ለቋንቋው የሚቀረው 192 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ሰዓት ተማሪውን ኤ2 ላይ ቢያደርሰው ጥሩ ነው። ስለዚህ ባህሉን ከቋንቋው ነጥሎ ማስተማር ማይነሩን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ተማሪው ስለ ሜክሲኮ በዓል ወይም ስለ ኩባ ታሪክ ሲማር አጭርና ቀላል ቢሆንም በራሱ በስፓኒሽ የተጻፈ ነገር እያነበበ መሆን አለበት።

ሁለተኛው አደጋ የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነው በሜጀሩ ነው፤ ለማለፍም 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። ማይነር አይፈተንም። አራተኛ ዓመት ላይ ፈተናው ሲቃረብ ተማሪው ማንኛውን ደብተር እንደሚያስቀምጥ መገመት አያዳግትም፤ አይፈረድበትምም። መፍትሔው ማይነሩን ወደፊት መሳብ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ በየሴሚስተሩ ሁለት ሁለት ኮርስ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ አንድ ቢወሰድ፣ ቋንቋው መጀመሪያ ላይ በሳምንት ስድስት ሰዓት ያገኛል፤ አራተኛው ዓመት ለሜጀሩ ነፃ ይሆናል። ለአዲስ ቋንቋ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚበጀው በጅምሩ ጠበቅ ማለቱ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ይቀላል፣ ምን ይከብዳል?

የሰዓቱ ግምት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሠራ ነው፤ የእኛ ተማሪ መነሻ ይለያል። በድምፅ በኩል ይቀድማል። አምስቱ የስፓኒሽ አናባቢዎች በአማርኛ ሰባት ውስጥ አሉ፤ «ኝ» እና «ች»ም እንዳሉ ናቸው። የውጭ ተማሪን ምላስ የሚፈትነው የላላና የጠበቀ «ር» ልዩነት፣ መጥበቅና መላላት የቃል ትርጉም በሚለውጥበት ቋንቋ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ግሡ ራሱ ማን እንዳደረገው ስለሚናገር «እኔ፣ አንተ» ማለት አያስፈልግም፤ ይህም ከአማርኛ ጋር ይገጥማል። ለአክብሮት የተለየ መጠሪያ መኖሩም፣ ግሡ ከዚያ ጋር መለወጡም «እርስዎ ይመጣሉ» ለሚል ሰው ማብራሪያ አይሻም።

የሚከብደው ሌላው ነው። አማርኛ «ሰውየው ረጅም ነው»ንም «ቡናው ትኩስ ነው»ንም በአንድ «ነው» ይዘጋል። ስፓኒሽ ጠባይንና ጊዜያዊ ሁኔታን በሁለት የተለያዩ ግሦች ይለያቸዋል። በአማርኛ ቤትን «ቤቱ» ወይም በቁልምጫ «ቤቷ» ማለት በተናጋሪው ስሜት ይወሰናል፤ በስፓኒሽ ግን የእያንዳንዱ ስም ጾታ የተቆረጠ ነው፤ ጠረጴዛ ሁልጊዜ አንስታይ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት መማሪያዎች የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ተማሪ ስለሆነ ለእኛ ቀላል በሆነው ላይ ገጽ ያባክናሉ፤ ከባዱን በፍጥነት ያልፉታል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ መምህር ከላይ ካሰላነው ሰዓት ብዙ ሊያድን ይችላል።

የጣና ዳር ስፔናዊ እና አንድ ጥንቃቄ

ለባሕር ዳር የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያ ታሪክ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 (እ.ኤ.አ.) ማድሪድ አጠገብ ተወለደ። ጀስዊት የተባለው የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር አባል ሆኖ፣ በህንድ ካለችው ጎዋ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በ1590 በዐረብ የባሕር ዳርቻ ተይዞ ሰባት ዓመት ገደማ በየመን ታሰረ። በሁለተኛው ሙከራው በ1603 ምጽዋ ደረሰ። ግዕዝና አማርኛ አጠና፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ትልቅ ተሰሚነት አገኘ፤ በ1622 በጎርጎራ ሞተ። በሚያዝያ 1618 ከንጉሡ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን ስላየ በአውሮፓ ጽሑፎች «የዓባይን ምንጭ ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ» ተብሎ ይጠቀሳል። ምንጩ ለሚገኝበት ለሰከላ ሰው ግን ይህ ቦታ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጠበል ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ክብሩን ለራሱ ስለፈለገው የፓኤዝን ምስክርነት ሊያስተባብል ሞክሯል።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ መራራ ነው። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት እምነት ለማድረግ መሞከሩ፣ ከፓኤዝ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ግትር መሆኑ ብዙ ደም አፋሰሰ። ንጉሡ በ1632 አዋጁን አነሣ፤ ልጁ ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጣ። በጣና ገዳማት አካባቢ ይህ ዘመን ዛሬም በቀላሉ የሚወራ አይደለም። የባህል ኮርስ ይህን ሸፍኖ «የወዳጅነት ታሪክ» ብቻ አድርጎ ማቅረብ የለበትም፤ ሁለቱንም ወገን ማስነበብ ይኖርበታል።

ጥንቃቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ፓኤዝ ስፔናዊ ስለሆነ የጣናን ታሪክ ለማጥናት ስፓኒሽ ያስፈልጋል» የሚለው ክርክር ሲፈተሽ ይላላል። ስፔንና ፖርቱጋል ከ1580 እስከ 1640 በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ሚሲዮን ግን በፖርቱጋል መስመር በጎዋ በኩል የሚመራ ስለነበር ፓኤዝ ትልቁን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። የዘመኑ ደብዳቤዎችም በአብዛኛው በፖርቱጋልኛና በላቲን የተጻፉ ናቸው። መጽሐፉ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንግሊዝኛ ትርጉም ይገኛል። ስለዚህ ምንጩን በቀጥታ ማንበብ የሚሻ የታሪክ ተማሪ የሚያስፈልገው ፖርቱጋልኛ ነው።

ታዲያ ስፓኒሽ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች እጅግ ስለሚቀራረቡ ቢ1 የደረሰ የስፓኒሽ አንባቢ ወደ ፖርቱጋልኛ ንባብ ለመሻገር አጭር መንገድ ነው የሚቀረው። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የአርኪዮሎጂ ቡድን አዘዞንና ጎርጎራን ጨምሮ የጀስዊቶቹን ቦታዎች ለዓመታት አጥንቷል፤ ውጤቱ በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም ታትሟል። በጣና ሰሜን ዳርቻ ያለውን ፍርስራሽ የሚጠብቅ የቅርስ ባለሙያ፣ እዚያው ጎርጎራ በገበታ ለአገር የተሠራውን ሪዞርት ሊጎበኝ ለመጣ እንግዳ የሚያስረዳ አስጎብኚ፣ ይህን ጥናት በጽሑፉ ቋንቋ ማንበቡ ሥራውን በቀጥታ ያጠናክርለታል።

ስፓኒሽ ስፔን ብቻ አይደለም

ስፓኒሽ የ20 አገሮች ይፋዊ ቋንቋ ነው። አፍ መፍቻቸው ከሆነው 500 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ የሚኖሩት ከስፔን ውጭ ነው። ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ የሆኑት ክሮች የሚያመሩት ወደ ላቲን አሜሪካ ነው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ከተቃወሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለ ሁሉ ሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አላት። ከ1969–70 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው «ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ» በተባለችው ደሴት ትምህርት ቤቶች አድገዋል። ስፓኒሽን እንደ ራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን በመካከላችን የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ለጣና ደግሞ ከታሪክ ውጭ ያለ፣ ከዚያም የሚብስ ጉዳይ አለ፤ እምቦጭ። አረሙ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። የሜክሲኮ ትልቁ ሐይቅ ቻፓላ ከዚሁ አረም ጋር ለበርካታ አሥርተ ዓመታት ታግሏል፤ በማሽን፣ በእጅ፣ በኬሚካልና በነፍሳት የተሞከሩ ዘዴዎች አሉ። በዓለም አቀፍ መጽሔት የሚወጣው ጥናት በእንግሊዝኛ ይገኝ ይሆናል። የማዘጋጃ ቤቶችና የዓሣ አጥማጅ ማኅበራት ሰነድ፣ የአካባቢ ጋዜጣ ዘገባ፣ ያልተሳካው ሙከራ የተጻፈበት ሪፖርት ግን በስፓኒሽ ነው። የዓሣ ሀብት ወይም የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ሜጀሩን ይዞ ስፓኒሽ ማንበብ ቢችል ለሐይቁ የሚሰጠው ነገር ከማንኛውም የቋንቋ ተመራቂ ይበልጣል። የማይነር ትርጉሙም ይኸው ይመስለኛል፤ ጥቅሙ የሚወሰነው አጠገቡ በቆመው ሜጀር ነው።

ሥራ ያስገኛል?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአፍሪካ ኅብረት ነው። ስፓኒሽ ከኅብረቱ ቋንቋዎች አንዱ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከአባል አገሮቹ ስፓኒሽ ይፋዊ ቋንቋዋ የሆነው አገር ኢኳቶሪያል ጊኒ ብቻ ናት፤ የአስተርጓሚነት ሥራ ደግሞ ከሲ1 በላይ ችሎታና የተለየ ሥልጠና ይጠይቃል። ማይነር እዚያ አያደርስም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ማድሪድ ይበርራል፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ወደ ቦነስ አይረስ በረራ ጀምሯል። ለበረራ አስተናጋጅነትና ለጉዞ ወኪልነት የሚወዳደር ሰው የቢ1 ስፓኒሽ ተጨማሪ ነጥብ ሊሆነው ይችላል፤ ብቻውን ግን በር አይከፍትም።

ቱሪዝም ለባሕር ዳር የተፈጥሮ መልስ ነበር። ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት በጀልባ የሚወጣን የስፔን ጎብኚ በራሱ ቋንቋ ተቀብሎ ማስረዳት የሚችል አስጎብኚ ይፈለጋል። ይሁንና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ገሃድ የወጣው ግጭት የጎብኚውን ፍሰት ክፉኛ ጎድቶታል። ዛሬ የሚመዘገብ ተማሪ የሚመረቀው ከዓመታት በኋላ መሆኑን አስቦ ይህን እንደ ነገ ዕድል ሊይዘው ይችላል፤ እንደ ዛሬ ገበያ ግን ሊነገረው አይገባም።

«እንግሊዝኛው መች ተቻለና?»

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባውም ተማሪ በማስተማሪያ ቋንቋው በእንግሊዝኛ ይቸገራል። ባለው አቅም እንግሊዝኛውን ማጠንከር ይቅደም የሚሉ መምህራን አሉ። ሌሎች ደግሞ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ተጨማሪ የፌደራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ በ2012 ዓ.ም. መወሰኑን አንሥተው፣ ቋንቋ መጨመር ካስፈለገ ከአገር ውስጥ ይጀመር ይላሉ።

ሁለቱም ክርክሮች ክብደት አላቸው። ሁለተኛው በተለይ መንግሥታዊ ሥራ ለሚያስብ ተማሪ ከስፓኒሽ ይልቅ ትክክል ነው፤ አፋን ኦሮሞ የሚችል የባሕር ዳር የሕግ ተመራቂ ዕድሉ ዛሬውኑ ይሰፋል። የመጀመሪያው ግን ስፓኒሽ ለሁሉም ቢሰጥ ነው የሚሠራው። ማይነር ምርጫ ነው፤ በሠላሳ ተማሪ ሊወሰን፣ በእንግሊዝኛ ውጤትም ሊጣራ ይችላል። የትርጉም መተግበሪያዎች ሁሉን ይሠሩታል የሚለውም አስተያየት በከፊል ልክ ነው፤ የእምቦጭን ሪፖርት በደቂቃ ይተረጉሙታል። የተተረጎመው መሳሳቱን የሚያውቀው ግን ዋናውን ማየት የሚችል ሰው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቢ1 ይበቃል።

ማን ያስተምራል?

የማይነሩ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ነው። የስፔን መንግሥት በልማት ትብብር ድርጅቱ በኩል ወጣት የቋንቋ መምህራንን ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚልክበት አሠራር አለው። ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መምህር የሚመጣው ለተወሰነ ጊዜ ነው። በአንድ የውጭ መምህር የቆመ ማይነር እሱ በሄደበት ሴሚስተር ይዘጋል፤ መሐል ላይ የቀሩት ተማሪዎችም ግማሽ ማይነር ይዘው ይመረቃሉ። የጸጥታው ሁኔታ ደግሞ የውጭ መምህር ባሕር ዳር መምጣቱን ራሱን አጠራጣሪ አድርጎታል።

የቀረበው ሀብት ኩባ ያደጉት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ብዙዎቹ የሠለጠኑት በሕክምና፣ በምህንድስናና በግብርና እንጂ በቋንቋ መምህርነት ስላልሆነ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ጊዜው ግን እየሄደ ነው። ልጅ ሆነው የሄዱት ዛሬ ጡረታ ላይ ያሉ ወይም ለጡረታ የተቃረቡ ናቸው። ከእነሱ ጋር ሁለትና ሦስት ወጣት ኢትዮጵያውያን ረዳት መምህራን አብረው ቢመደቡና ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ስፔን ወይም ላቲን አሜሪካ ቢላኩ፣ ማይነሩ በአገር ልጅ እጅ ይቆማል። ይህ ሳይሆን ተማሪ መመዝገብ ተማሪውን መበደል ነው።

ከመመዝገብ በፊት

እንዲህ ያለ ማይነር ሲከፈት ተማሪው ሬጅስትራር ዘንድ ሊጠይቅ የሚገባው ብዙ አይደለም። ማይነሩ በትራንስክሪፕት ላይ በስሙ ይሰፍራል ወይስ ኮርሶቹ ብቻ እንደ ተመራጭ ኮርስ ይዘረዘራሉ? ከስድስቱ ስንቱ በስፓኒሽ ይሰጣሉ? መምህሩ ቢለቅ ማን ይተካል?

ከሁሉ ይልቅ ግን የውጭ መለኪያ መኖሩን ይጠይቅ። የዩኒቨርሲቲ «ኤ» ውጤት ለማድሪድም ለሜክሲኮም ቀጣሪ ብዙ አይነግረውም። ስፓኒሽን በዓለም ለማስፋፋት በ1991 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የስፔን መንግሥት ተቋም፣ ሰርቫንቴስ ኢንስቲትዩት፣ የሚያስተዳድረው «ዴሌ» የተባለው ዲፕሎማ በስድስቱ ደረጃዎች ይሰጣል፤ ጊዜውም አያልፍበትም። «ሲየሌ» የተባለው የኮምፒውተር ፈተና ደግሞ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ማይነሩ ተማሪውን ለቢ1 ፈተና የሚያዘጋጅ መሆኑን በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ በግልጽ ከጻፈ፣ መምህሩም ተማሪውም ወላጁም የሚጠያየቁበት አንድ መስፈሪያ ይኖራቸዋል።